ከጥጥ ብናኝ የወጡ ዘፈኖች

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1961 ሁለት እንግዶች በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ጋስተን አውራጃ ውስጥ ወደምትገኝ ስታንሊ የምትባል ትንሽ ከተማ መጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የ44 ዓመቱ አርቺ ግሪን ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ መርከብ ሲሠራና ሲጠግን ብዙ ዓመት የኖረ አናጢ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ ከጎለመሰ በኋላ ደግሞ ወደ ትምህርት ተመልሶ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆነ። ሌላው ኤድ ካን የሚባል ወጣት የፎክሎር ተመራማሪ ነው። የሚፈልጉት ሰው ዴቭ ማክካርን ይባላል፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገነ ይተዳደር ነበር። እንግዶቹ ግን የሚጠገን ሬዲዮ ይዘው አልመጡም። ይዘው የመጡት ከ31 ዓመት በፊት በአንድ ሸክላ ላይ የታተመ ስም ነው።

ሸክላው የተቀረጸው በግንቦት 1930 ነው። ያኔ ቪክተር የተባለው ኩባንያ በሜምፊስ ከተማ አዳዲስ ዘፋኞችን እየሰማ ይቀርጽ ነበር። ከጋስተን አውራጃ ጥጥ ፋብሪካዎች ወጥቶ ሲንከራተት እዚያ የደረሰው የ25 ዓመቱ ማክካርን ጊታሩን ይዞ ገባና ዘፈነ። ካስቀረጻቸው አንዱ «የጥጥ ፋብሪካ ቁርጠት» ይሰኛል። ቀልድ የሞላበት ዘፈን ነው፤ ቀልዱ ግን ያማል። ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ፣ ደመወዝ በተቀበለበት ዕለት የዱቤ ዕዳውን ሲከፍል ባዶ እጁን ስለሚቀር ሠራተኛ ይተርካል። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጀመሪያ ስለነበረ ሸክላ የሚገዛ ሰው እየጠፋ ነበር፤ ማክካርንም በዘፈኑ አልከበረበትም።

ዘፈኑ ግን ከሸክላው ተለይቶ መንገድ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቨርጂኒያ፣ ዳንቪል ከተማ አድማ የመቱ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሲዘፍኑት ተሰሙ። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ አንድ የአላባማ ዘፋኝ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲዘፍነው ተቀረጸ፤ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢዎቹ ጆን ሎማክስና ልጁ አለን በ1941 ባሳተሙት የሕዝብ ዘፈኖች መድበል ውስጥም ገባ። በ1956 ዘፋኙ ፒት ሲገር የአሜሪካ ሠራተኞችን ዘፈኖች በሰበሰበበት አልበም ላይ ተጫወተው። እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ደራሲ የሌለው፣ ከአየር የወረደ ዜማ መሰለ።

የጊዜው የፎክሎር ምሁራን በዚህ ብዙም አልተቸገሩም። እንዲያውም ደራሲ አለመኖሩ ለእነሱ የጥራት ምልክት ነበር። እውነተኛ የሕዝብ ዘፈን ከተራራ ጎጆ፣ ፊደል ካልቆጠረ አዛውንት አፍ ይገኛል እንጂ ከሱቅ አይገዛም ብለው ያምኑ ነበር። ለገበያ የታተመ ሸክላ በእነሱ ዓይን የረከሰ ነገር ነው። አርቺ ግሪን ግን አናጢ ነው፤ የተሠራ ጠረጴዛ ያየ አናጢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደሠራው ነው። ሸክላውን እንደ ሰነድ አነበበው። በመሐሉ ባለችው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ የኩባንያው ቁጥር አለ። ቁጥሩን ይዞ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ዘፈኑ የተቀረጸበትን ከተማና ቀን ያገኛል። ስም ያለው ሰው ደግሞ፣ ካልሞተ በቀር፣ አንድ ቦታ ይኖራል።

ማክካርን አልሞተም ነበር። ሁለቱ እንግዶች ቴፕ መቅረጫቸውን ከፍተው ሕይወቱን ጠየቁት። የሠራተኛ ዘፈን ሲያሳድድ የኖረው ግሪን አንድ የትግል ገጣሚ ጠብቆ ይሆናል። ያገኘው ግን የአድማ መሪ ሆኖ የማያውቅ፣ ያየውንና የኖረውን የዘፈነ፣ ተጫዋች ሰው ነው። በዳንቪል ሰልፍ ላይ የተዘፈነው ዘፈን ለሰልፍ አልተጻፈም። ለእኔ ይህ ከትግል ገጣሚ የበለጠ ግኝት ነው፤ ምክንያቱም የአድማ ዘፈኖች ከውጭ በመጣ ቀስቃሽ የተጻፉ ናቸው የሚለውን ሐሜት ከሥሩ ይነቅለዋል። ማክካርን በ1964 አረፈ። ተመራማሪዎቹ ሞትን የቀደሙት በሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

የማክካርን ዓይነቱ ዘፈን ኋላ ካንትሪ ሙዚቃ ተባለ። ካንትሪ ሲባል እኛ አገር ብዙዎቻችን የምናውቀው በኬኒ ሮጀርስ፣ በዶሊ ፓርተን፣ በዶን ዊሊያምስ በኩል ነው፤ በካሴት አድገንበታል። በሐሳባችን የሚመጣው ፈረስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለጥ ያለ መስክ ነው። አሜሪካውያንም ራሳቸው ከዚህ እምብዛም አይርቁም። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያስቀረጹት እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ፈረስ አያገኝም፤ ፋብሪካ ነው የሚያገኘው። በ1923 ኒው ዮርክ ሄዶ ቅረጹኝ ያለው ሄንሪ ዊተር በቨርጂኒያ ፍራይስ በምትባል የፋብሪካ ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ የሸክላ ኩባንያ ሰው የነበረው ራልፍ ፒር አትላንታ ላይ የቀረጸውና ሸክላው ሳይታሰብ ተሸጦ ለዚህ ሙዚቃ ገበያ የከፈተው ቫዮሊን ተጫዋቹ ጆን ካርሰንም በጥጥ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው።

ነገሩ አጋጣሚ አይደለም። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ፒድሞንት በሚባለው፣ ከአፓላቺያን ተራሮች ግርጌ ባለው አገር፣ በየወንዙ ዳር የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ። እርሻው ያላዋጣው ገበሬና ተራራው የጠበበው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወረደ። ቤቱ የኩባንያው፣ ሱቁ የኩባንያው፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑም በኩባንያው ገንዘብ የተሠራ ነበር። ከየተራራው በየራሱ ዜማ የመጣ ሰው አሁን በረንዳ ለበረንዳ ተያይቶ ይኖራል። በገጠር ቫዮሊን ተጫዋች ለመስማት ግማሽ ቀን መጓዝ ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ ግን ጎረቤት ነው። ትንሽም ብትሆን በየሳምንቱ እጅ የምትገባ ገንዘብ አለች። ሲርስ ሮባክ የተባለው መደብር ካታሎግ ላይ ጊታርና ባንጆ መርጦ በፖስታ ማስመጣት ይቻላል። ቻርሎት ከተማ ላይ ደብሊው ቢ ቲ የተባለው ሬዲዮ ጣቢያ በ1922 ሥራ ጀመረ፤ በ1930ዎቹ የቅዳሜ ምሽቱን የሙዚቃ ዝግጅት የሚከፍለው ደግሞ «ክሬዚ ወተር ክሪስታልስ» የሚባል፣ ሆድ የሚያለሰልስ ጨው የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ከቁርጠት ዘፈን ቀጥሎ የሆድ መድኃኒት ማስታወቂያ መምጣቱን ሳስብ ያስቀኛል።

ሥራው ራሱ ግን አያስቅም። በሽመና ክፍሉ የመቶዎች ማሽን ጩኸት ሰው ከሰው በምልክት እንዲነጋገር ያስገድዳል። ክሩ እንዳይበጠስ አየሩ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ይጠበቃል፣ የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም ይንሳፈፋል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ብዙዎችን በጎልማሳነታቸው ትንፋሽ አሳጥቷል። ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ይዘው ሲወጡ የከተማው ሰው «ሊንትሄድ» ብሎ ይሰድባቸው ነበር። በማሽኖቹ ላይ የሚቀጠሩት ነጮች ነበሩ፤ ጥቁሮች እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጥጥ ከማራገፍና ግቢ ከመጥረግ የዘለለ ሥራ እምብዛም አይሰጣቸውም ነበር። ዜማው ግን ይህን አጥር አላከበረም፤ ብሉዙና በጊታር ክር ላይ ብረት የማንሸራተቱ ስልት ከጥቁር ሙዚቀኞችም ጭምር የተቀዳ ነው። በሸክላው ላይ ይህ አይጻፍም።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ቻርሊ ፑል ነው። በ1892 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ፋብሪካ የገባ፣ ኋላ ስፕሬይ በምትባል የፋብሪካ ከተማ የኖረ፣ መጠጥና ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ቤዝቦል በባዶ እጄ እቀልባለሁ ብሎ ተወራረደ፤ ኳሷ የቀኝ እጁን ጣቶች ሰበረችው፣ ጣቶቹም እንደተቆለመሙ ቀሩ። በዚያ እጅ ነው ባንጆውን በሦስት ጣት እየለቀመ የራሱ የሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣው። በሐምሌ 1925 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ፖዚ ሮረርና ከጊታሪስቱ ኖርማን ዉድሊፍ ጋር ኒው ዮርክ ሄዶ ለኮሎምቢያ ኩባንያ አስቀረጸ። የመጀመሪያው ሸክላቸው ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። የተከፈላቸው 75 ዶላር ነበር። ፑል በ1931፣ በ39 ዓመቱ፣ ከሳምንታት የመጠጥ ዘመቻ በኋላ ልቡ ቆመ።

አሁን ታሪኩ ሳይታሰብ ወደ አውስትራሊያ ይሻገራል።

ሲድኒ ውስጥ ጆን ኤድዋርድስ የሚባል ወጣት ነበር። አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። ይሁን እንጂ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የታተሙትን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ሸክላዎች በደብዳቤ፣ በልውውጥ፣ በግዢ እያሰባሰበ ቤቱን ሞላ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ደረሱ። መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ ዘፋኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ መቼ የት እንደተቀረጹ ባሕር ማዶ እየጻፈ ይጠይቅ፣ መልሱን ይመዘግብ ነበር። አሜሪካውያን ሰገነት ላይ ጥለው የረሱትን፣ በርካሽ የሚሸጡትን ሸክላ አንድ የሲድኒ ልጅ በካርድ ያደራጀው ነበር። በታኅሣሥ 1960፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ።

ኑዛዜ ትቶ ነበር። ስብስቡ እንዳይበተንና እንዳይሸጥ፣ ወደ አሜሪካ ተልኮ ለጥናት እንዲውል ይፈልጋል። አደራው የደረሰው ዩጂን ኧርል ለተባለ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ወዳጁ ነው። ኧርል፣ አርቺ ግሪን፣ ኤድ ካንና ሌሎች ጓደኞቻቸው ተሰባስበው በ1962 በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሟቹ ስም የመታሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ። በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር የንግድ ሸክላን እንደ ቅርስ የያዘ ነገር ያኔ ብርቅ ነበር። ለሟቹ የገቡትን ቃል መጠበቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ሸክላው እጃቸው ከገባ በኋላ አርፈው አለመቀመጣቸው ነው። ስሞቹን ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ።

በዚያው ዓመት በጋ አርቺ ግሪንና ዩጂን ኧርል ኢስት ሮኪንግሃም ደረሱ። ይህች ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ደቡባዊ ጠርዝ ያለች፣ በጥጥ ፋብሪካዎች የተከበበች መንደር ናት። በሸክላው ላይ ያለው ስም የዲክሰን ወንድማማቾች ነው፦ ዶርሲና ሃዋርድ።

ዶርሲ ዲክሰን በ1897 ደቡብ ካሮላይና፣ ዳርሊንግተን ተወልዶ በ12 ዓመቱ ፋብሪካ ገባ። ጊታርና ቫዮሊን ተማረ፣ ግጥም መጻፍ ለመደ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጂሚ ታርልተን የሚባል፣ በሸክላ ስሙ የታወቀ ዘፋኝ ኑሮ ከፍቶበት እዚያው አካባቢ ፋብሪካ ሊሠራ መጣ፤ ሃዋርድ ከእሱ አይቶ ነው ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት መጫወት የጀመረው። ወንድማማቾቹ በየካቲት 1936 ቻርሎት ላይ ለቪክተር አስቀረጹ፤ እስከ 1938 ድረስ ከ50 በላይ ዘፈን ተቀረጸላቸው። «የሽመና ክፍል ብሉዝ» እና «የፈትል ክፍል ብሉዝ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሽመና ክፍል ውስጥ ሲሠራ የዋለ ሰው ስለ ሽመና ክፍል የጻፈው ነው፤ የማሽኑን ምት ከጊታሩ ውስጥ ትሰሙታላችሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዘፈኑ ከፋብሪካ አላወጣቸውም። በ1938 ዶርሲ አንድ የመኪና አደጋ አይቶ የጻፈውን መንፈሳዊ ቃና ያለው ዘፈን አስቀረጹ። በ1942 የናሽቪሉ ዘፋኝ ሮይ ኤከፍ «የአውራ ጎዳናው አደጋ» በሚል ርዕስ ተጫወተውና አገር አወቀው። ዶርሲ በራሱ ዘፈን ላይ መብቱን ለማስከበር መከራከር ነበረበት፤ በ1946 በስምምነት ከገቢው ድርሻ አገኘ። አገር የሚያዜመውን ዘፈን የደረሰ ሰው በማግስቱ የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ተሰልፎ ይገባ ነበር።

ግሪንና ኧርል ሲደርሱ ሃዋርድ የለም። በመጋቢት 1961 ሞቷል፤ አንድ ዓመት ከምናምን ዘግይተዋል። ዶርሲ 64 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል። ግጥሙን ግን አልረሳም። ቴፑ ተከፈተ፣ እሱ ዘፈነ፤ ፍለጋው እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ የተሳካ ጉዞ ይባል ነበር።

ነገር ግን በቤተሰቡ ውስጥ ናንሲ ነበረች።

ናንሲ ዲክሰን የዶርሲ ታላቅ እህት ናት፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 70 ገደማ ነው። በየትኛውም ሸክላ ላይ ስሟ የለም። ቪክተር አልቀረጻትም፣ ሬዲዮ ላይ አልቀረበችም፣ የኩባንያ ቁጥር የላትም። የአርቺ ግሪን ዘዴ ሁሉ፣ ያ ከክቧ ወረቀት ተነስቶ ሰውን የማግኘት ብልሃት፣ እሷ ጋ ሊያደርስ አይችልም ነበር። የደረሱት የወንድሟን ስም ተከትለው ነው። ናንሲ ፋብሪካ የገባችው በስምንት ዓመቷ ነው፤ ዳርሊንግተን ውስጥ፣ ፈታይ ሆና። በ1900 አካባቢ መሆኑ ነው። ፈታይ ማለት እዚያ በሚሽከረከሩ የክር መዘውሮች ረድፍ መካከል ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር በጣት መቀጠል ነው። ትንሽ እጅ ለዚህ ይመች ነበርና ልጆች ይፈለጉ ነበር። እዚያ ሆና የሰማቻቸውን ዘፈኖች ስድሳ ዓመት በልቧ ይዛ ቆይታለች።

ለእንግዶቹ ዘፈነችላቸው። አንዱ በፋብሪካ ውስጥ ስላለው ክፉ ጊዜ የሚናገር ነው። ሌላው ስለ አንዲት የፋብሪካ ልጅ ነው፤ ሥራዋን ለቃ ልትሄድ ስላሰበች ልጅ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁለተኛውን ሲሰሙ ምን እንደያዙ ገባቸው። የዘፈኑ ዘር ከካሮላይና አይደለም። በሰሜን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሎዌል ፋብሪካዎች ጋር የሚያያዝ፣ በ1830ዎቹ አካባቢ የገበሬ ልጃገረዶች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ፋብሪካ በገቡበት ዘመን የወጣ ነው። ፋብሪካዎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዘፈኑም ወርዶ፣ ከአንዲት ፈታይ ወደ ሌላዋ ተላልፎ፣ ዳርሊንግተን ያለች የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮ ገባ ማለት ነው። ከሎዌል እስከ ኢስት ሮኪንግሃም ድረስ ያለውን ያን ሁሉ መንገድ የያዘው የሴቶች ማስታወስ ነው።

የዚያን ዘመን ልጆች መልካቸውን እናውቀዋለን። በ1908 ሉዊስ ሃይን የተባለው ፎቶ አንሺ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለማስቆም ለሚታገል ኮሚቴ በካሮላይና ፋብሪካዎች እየዞረ ያነሳቸው ፎቶዎች ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው፦ ከቁመቷ በላይ በሆነ ማሽን አጠገብ የቆመች ትንሽ ልጅ። ፎቶ ግን ድምፅ የለውም። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ሆና ያደገች ሴት ራሷ የምትዘፍንበት ቴፕ ያን ጎደሎ ይሞላል። ዶርሲም ስለ እህቱና ስለ እኩዮቿ «የፋብሪካው ሕፃናት» የሚል ዘፈን ጽፎ ነበርና በ1964 ቴስታመንት የተባለው አነስተኛ ኩባንያ የቤተሰቡን አልበም ሲያሳትም ርዕሱን ከዚያ ወሰደ። ዶርሲ ራሱ በ1963 ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ በወጣቶች ፊት ቆሞ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ተቀረጸ። በ1968 ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ።

ሁሉም እንዲህ አልተደረሰለትም። ማክካርን ከሚኖርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቤሰመር ሲቲ ውስጥ፣ ኤላ ሜይ ዊጊንስ የምትባል ፈታይ ነበረች። ከዘጠኝ ልጆቿ አራቱን ቀብራለች። በ1929 በጋስቶኒያው የሎሬይ ፋብሪካ አድማ ሲነሳ የሠራተኛ እናቶችን ኑሮ እየገጠመች በምታውቀው የተራራ ዜማ ላይ ትዘፍን ነበር። በመስከረም 14 ቀን 1929 ወደ ስብሰባ የምትሄድበት የጭነት መኪና ላይ ሳለች በጥይት ተገደለች፤ የተከሰሱት ሰዎች ነፃ ተለቀቁ። ግጥሞቿን ማርጋሬት ላርኪን የተባለች ጋዜጠኛ አሳትማ አትርፋቸዋለች። ድምጿን ግን ማንም አልቀረጸም። ያኔ የቪክተርና የኮሎምቢያ ሰዎች በየከተማው ማሽን ተክለው ዘፋኝ ይፈልጉ ነበር። ለእሷ ድምፅ የሚሆን የመቅረጫ ሰም አልተገኘም።

እስካሁን የተናገርኩት ከውጭ ስለመጡ ፈላጊዎች ነው። ቤተሰብም ጠብቋል። የቻርሊ ፑል ጓደኛ የነበረው የፖዚ ሮረር የወንድም ዘር የሆነው ኪኒ ሮረር ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየጠየቀ፣ ሸክላና ፎቶ እየለቀመ በ1982 የፑልን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ስሙንና ቀኑን ያገኛል፤ ፑል የትኛው በረንዳ ላይ እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደተጣላ የሚነገረው ግን ለዘመድ ነው። የፑል ሸክላዎች በ1965 ካውንቲ በሚባል ኩባንያ ተሰብስበው ዳግም ታተሙ፤ በ2005 በትልቅ ስብስብ ወጡ፤ በ2009 ዘፋኙ ላውደን ዌይንራይት ሦስተኛው በፑል ዘፈኖች ላይ የሠራው አልበም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ስፕሬይ ከሁለት ጎረቤት ከተሞች ጋር በ1967 ተዋህዳ ኢደን ተብላለች፤ በ1995 በፑል ስም የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጀመረባት፤ ወጣቶች በባንጆና በቫዮሊን ተወዳድረውበታል።

አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ግን ዛሬ የሉም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሥራው ደመወዝ ወደሚያንስባቸው አገሮች ተሰደደ። በሐምሌ 2003 ፒሎቴክስ የተባለው ኩባንያ በተዘጋ ጊዜ በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ4,000 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጣ። ኤላ ሜይ የታገለችበት የሎሬይ ሕንፃ በ1993 ተዘግቶ ኋላ በመኖሪያ አፓርታማነት ታደሰ፤ ፈታዮች የቆሙበት ወለል ዛሬ የሰው ሳሎን ነው። ሕንፃው መትረፉ መልካም ነው። ያለ ዘፈኖቹ ግን ያማረ ጡብ ከመሆን አያልፍም፤ በዚያ ጡብ ውስጥ ሰው ምን ይሰማው እንደነበር የሚናገሩት እነዚህ ሸክላዎችና በ1970ዎቹ ከአረጋውያን ሠራተኞች የተሰበሰቡት የቃል ምስክርነቶች ናቸው። በእነዚያ ምስክርነቶች ላይ ተመሥርቶ በ1987 የወጣው «እንደ ቤተሰብ» የተሰኘው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። የታሪክ ተመራማሪው የፓትሪክ ሁበር የ2008 መጽሐፍ ደግሞ የማክካርንን፣ የፑልን፣ የዲክሰኖችን ታሪክ በአንድ ላይ አስቀምጦ «ሊንትሄድ» የሚለውን የስድብ ቃል በርዕሱ ውስጥ አስገብቶታል።

አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ዘፈኖቹ ተረፉ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ለፑል 75 ዶላር፣ ለዶርሲ ተከራክሮ ያገኘው ድርሻ፣ ለናንሲ ደግሞ አንድ አልበም ላይ ስሟ። ቅርስ ማዳን ለባለ ቅርሱ መክፈልንም ካልጨመረ ሥራው በግማሽ ቀርቷል ባይ ነኝ።

የጆን ኤድዋርድስ ስብስብ በ1983 ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል ተዛወረ። አሁን በዊልሰን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የደቡብ ፎክላይፍ ስብስብ በሚባለው ክፍል ይገኛል። በኢስት ሮኪንግሃም የተቀረጸው የዲክሰኖች አልበም ከዓመታት በኋላ በሲዲ ወጥቷል፤ የ1930ዎቹ ሸክላዎቻቸውም ቤር ፋሚሊ በተባለ የጀርመን ኩባንያ በ2012 ተሰብስበው ታትመዋል። መስማት ለምትፈልጉ፣ ከወንድማማቾቹ በፊት እህታቸውን ስሙ።